ሐይቅ እስጢፋኖስ፤ ውኃ ቅጥር በነበረበት ዘመን

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ የዕረፍት መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ጥቂት ዘለቅ እንዳለ በተራሮች የተከበበው ውኃ ከፊቱ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ስሙም ሐይቅ ነው፤ ለአገሩ ሰው ሐይቅ ማለት ይኸው ስለሆነ ሌላ መጠሪያ ያስፈለገው አይመስልም።

እንግዳው በዳርቻው ተቀምጦ ነፋሱን ይቀበላል፣ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶም ይመለሳል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሠርቶ የደከመ ሰው ማረፍ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ውኃ በታሪካችን ውስጥ ስሙ የገነነው በውበቱ ሳይሆን በትምህርት ቤትነቱ መሆኑን ሳያውቁ መመለስ ትልቅ ጉድለት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1248 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባሉ መነኩሴ በትግራይ ከሚገኘው ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ወደዚህ ስፍራ መጡ። በዚያን ጊዜ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት መሬት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው በፊት የነበረ መሆኑን ትውፊት ይናገራል፤ ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ግን እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት በአማራም ሆነ በሸዋ ተወልዶ ከፍ ያለ የምንኩስና ትምህርት የሚሻ ወጣት እስከ ትግራይ ገዳማት መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር። ኢየሱስ ሞዓ በ1292 እስካረፉ ድረስ ባሉት አርባ ዓመታት ውስጥ የመማሪያው ማእከል ወደ ደቡብ ወረደ። ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረቱት ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች የሚባሉት ኂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው። ትምህርቱ ከደሴት ወደ ደሴት ተሻገረ ማለት ነው።

ስለ ኢየሱስ ሞዓ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በ1270 ለነገሠው ለይኩኖ አምላክ ረዱት የሚለው ትውፊት ነው። ይኸው ውለታ ለተክለ ሃይማኖትም ስለሚነገር ሁለቱ ገዳማት ክብሩን ሲሻሙበት ኖረዋል። የሐይቅ አበምኔቶች «ዓቃቤ ሰዓት» በሚለው ማዕርግ በቤተ መንግሥት የነበራቸው ሥልጣን ከፍተኛ እንደነበረ አያጠያይቅም፤ ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1970 ባሳተመው ጥናት ተራቸውን ከ1248 እስከ 1535 ተከትሎ አሳይቷል። በእኛ አስተያየት ግን ከሥልጣኑ ይልቅ ብራናው ይበልጣል።

በ1280 ወይም በ1281 ለኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ ሥዕላዊ የኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ የሚቆጠር ሲሆን፣ የራሳቸውም የአበምኔቱ ሥዕል በውስጡ ይገኛል። የአንድ መምህር መልክ በሕይወት ሳለ በቀለም ተሥሎ መገኘቱ ለሥነ ጥበባችን ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም። ቆዳውን የፋቀ፣ ቀለሙን የበጠበጠ፣ ብርዑን የቀረጸ እጅ ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ አለ። በጉልቱ መሬት ላይ አርሶ መነኮሳቱንና ተማሪዎቹን የቀለበው ገበሬ ግን አልተሣለም። መጽሐፉ በ20ኛው መቶ ዓመት በማይክሮፊልም ተነሥቶ በኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ ውስጥ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ውኃው ቅጥር ነበረ። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው በደሴት ላይ ስለቆመ ገዳም ነው። ብዙም ሳይቆይ ቅጥሩ ተደፈረ፤ በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት መሻገሪያ አሠርቶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከዚያ መከራ ተርፎ ለእኛ ዘመን መድረሱ የጠባቂዎቹን ብርታት ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለውጥ ያመጣው ጦር ሳይሆን ራሱ ውኃው ነው። ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ ደሴቲቱን ከየብስ አገናኛት። የውኃው ጠባይም ተለውጧል። እንግዳው በዳርቻው የሚበላው ቆሮሶ የሐይቁ ነባር ዘር ሳይሆን በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት ባለሙያዎች የተጨመረ ነው። ለአካባቢው ሰው ምግብም ገቢም ሆኗል። ሆኖም በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሐይቁን የመረመሩ ጣሊያኖች ብዙ ሜትር ወደ ታች ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ አግኝተው ሲሄዱ፣ ዓሣው ከገባ በኋላ የተለኩት ልኬቶች ውኃው እጅግ መደፍረሱን አሳይተዋል።

ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው ታንኳ አያስፈልገውም። ሴቶች ወደ ቅጥሩ አይዘልቁም፤ ይህ ሥርዓት እስካሁን እንደተጠበቀ ነው። ወንዱ እንግዳ ግን በእግሩ ይደርሳል። በስተ ቀኝም በስተ ግራም ሐይቁን እያየ የሚራመድባት ጠባብ መሬት፣ አልቫሬዝ በጻፈበት ዘመን ውኃ ነበረች።