ቄብ ወደ ቆጥዋ ስለ መመለስዋ

በደጋው ኢትዮጵያ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ከብቱ ከግጦሽ በሚመለስበት ሰዓት፣ ዶሮዎች ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ ከጓሮውና ከአውድማው እየተሰበሰቡ ወደ ቤት ገብተው ቆጥ ላይ መውጣታቸው ዕለት ዕለት የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፣ ይህን ያስተማራቸው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከባልቴቶች ጓዳ ተነሥቶ እስከ እርሻ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

የዶሮ ዘር ጥንተ አባት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው፤ እርሱም ቀን መሬት ሲጭር ውሎ፣ ሲመሽ ከአራዊት አፍ ለመዳን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ዶሮ በቀን ዓይኗ እጅግ የነቃ ሲሆን በጨለማ ግን ዳፍንት እንደ ያዘው ሰው ስለምትሆን፣ ብርሃን ሳይሸሽ ማደሪያዋን ለመያዝ መቸኰሏ ከዚህ የመጣ ጠባይ ነው። ወደ አገራችን የገባችበት ዘመንም የቅርብ አይደለም፤ በትግራይ መዝብር በተባለው፣ ከአክሱም መንግሥት አስቀድሞ በነበረው የገበሬዎች መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው የዶሮ አጥንት፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በነበረው የመጀመሪያ ሺህ ዓመት ውስጥ የነበረ መሆኑን የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት መርምረው አረጋግጠዋል፤ ይህም ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታውያን የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያደረጉት ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ዛፉን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ከግድግዳው ጋር የተማገረው እንጨት፣ ከጥጆቹ ማደሪያ ከፍ ብሎ፣ የምድጃው ጢስ በሚደርስበት ስፍራ ተዘርግቶ ለዶሮይቱ የቅርንጫፍን አገልግሎት ሰጣት። (ቆጥ የዕቃ ማስቀመጫም ስለ ነበረ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት የተመኘችው ዶሮ ይሁን ሌላ ነገር ተረቱ አይነግረንም።) ጢሱ የአኗኗራችን ድኽነት ውጤት ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው ግን፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ የዶሮ ቤት ከማድ ቤት አጠገብ ይሠራ፣ ጢሱ ለዶሮ ጤና ይበጃልና ብሎ መምከሩን ማስታወስ ይገባል።

አውራው ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሰዓት ቈጣሪ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ሌሊቱን የሚከፍለው እርሱ ነበረ፤ ካህኑ ለሰዓታትና ለማሕሌት፣ ነጋዴው ለመንገድ፣ ሴቲቱ ለወፍጮ የሚነሡት በንቅወ ዶርሆ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። የታቀፈችው ዶሮ በ21ኛው ቀን ከፈለፈለች በኋላ፣ ባለቤቲቱ ከጭልፊት ለመከላከል እናቲቱን በአንድ እግሯ በክር አስራ፣ ጫጩቶቹን ሲመሽ ከእርሷ ጋር በእንቅብ ትደፋባቸዋለች። በእነዚህ ሳምንታት እናቲቱ ቆጥ አትመኝም፤ ላባ ያላበቀሉትን ልጆቿን ከክንፎቿ በታች ሰብስባ መሬት ላይ ታድራለች። ላባቸው ሲጠነክር ግን አንድ ቀን ማታ ዝቅ ካለው እንጨት ላይ ትወጣና ትጣራለች፤ ከጫጩቶቹ ደፋሩ ዘሎ ይደርሳል፣ ሌላው በግማሽ መንገድ ይወድቃል፣ የቀሩት ከታች ሆነው ይጮኻሉ፤ በጥቂት ምሽቶች ውስጥ ግን ሁሉም ግራና ቀኝ ተደርድረው ያድራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሰው እጅ የሚያስፈልገው በሩን ለመክፈትና ሸለምጥማጥ እንዳይገባ መልሶ ለመዝጋት ብቻ ነው።

ከገበያ ተገዝታ የመጣች ቄብ ግን ሌላ ናት፤ ማደሪያዋ በሻጩ ቤት ነውና ብትለቀቅ ትጠፋለች። ስለዚህ ከምሰሶው ሥር ታስራ፣ ጥሬና ውኃ እዚያው እየቀረበላት፣ የቤቱን ማታ ከውስጥ ሆና እስክትለምድ ድረስ ጥቂት ቀኖች ትቆያለች። ከዚያም የምትፈታው ጧት ሳይሆን ወደ ማታ ነው፤ ርቃ ለመሄድ ጊዜ እንዳይኖራት። ዶሮ የሴቶች ገንዘብ ስለ ነበረች፣ ከሽያጯም ጨውና ቡና ስለሚገዛ፣ ይህን ጥበብ የያዙት እነርሱ ነበሩ፤ በብራና ያልሰፈረውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኋይት ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉት ዘሮች ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ የተደነቀው በእንቁላላቸው ብዛት ነው፤ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል፣ የፈረንጅ ዶሮ የዚያን ብዙ እጥፍ ትጥላለችና። ነገር ግን እነዚህ ጫጩቶች በመኪና የተፈለፈሉ ስለ ነበሩ እናት አልነበራቸውም፤ ጣሪያው በቆርቆሮ የተከደነ፣ ቆጡም በልክ የተሠራ ቤት ቢሰጣቸው እንኳ ሲመሽ ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳያቸው አልነበረም። አንዳንዶቹ ከቤቱ ውጭ ባለ ቍጥቋጦ ሥር ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ከማዕዘን አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ዘሩን ያመጡት ሰዎች ስለ መኖው ብዙ ሲናገሩ ስለ ምሽቱ ዝም ማለታቸው ያስገርመኛል፤ ለዚህ ጒዳይ ከባልቴት የተሻለ መምህር በአገሩ አልነበረምና።

ቀስ በቀስ የተገኘው ሥርዐት ከቄቢቱ እስራት ብዙም አይለይም። ጫጩቶቹ ከማሞቂያው ከወጡ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል በአዲሱ ቤት ተዘግተው፣ እዚያው እየበሉና እየጠጡ ይከርማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚለቀቁት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው፤ ሊመሽ ሲል ጥሬው ከውስጥ ይበተናል፣ ከውስጥም ፋኖስ ይበራል፤ ጨለማው ከውጭ፣ ብርሃኑ ከውስጥ መሆኑ ይጎትታቸዋልና። መሬት ላይ የቀሩትን ሰው በእጁ እያነሣ ከቆጡ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ጨለማው ስላፈዘዛቸው አይታገሉም። በአዲስ አበባ የፀሐይ መጥለቂያ በክረምትና በበጋ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማይለዋወጥ፣ በሩን የመዝጊያው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አለመለወጡ ለእኛ አገር አርቢ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ የምሽቱ ሰዓት በየወሩ በሚሸሽበት በሰሜኑ ዓለም ይህ አይገኝም።

ገበሬው ግን ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያሳርፈውን ሌላ መንገድ መረጠ። ሌግሆርን ከዘሯ የመታቀፍ ጠባይ ስለ ጠፋባት ልጅ ለማሳደግ አትሆንም፤ ስለዚህ የፈረንጂቱ እንቁላል ለሐበሻዋ ዶሮ ይሰጥና እርሷ ትፈለፍለዋለች። የማታ ማታም ነጫጮቹ ጫጩቶች ያችን ቀይ ወይም ገብስማ እናታቸውን ተከትለው ቆጥ ላይ ይወጣሉ፤ በፋኖስ ማባበልም አያስፈልግም።