ሌቃ የሕዝብ፣ ነቀምቴ የቦታ
የአንድ መንግሥት ስም ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነቀምቴ የሚገባ እንግዳ ከተማዋን የሚጠራት በአንድ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻው ያደረጋት መንግሥት ግን በሁለት ስም ይጠራ ነበር፤ ሌቃ ነቀምቴ። ሌቃ የሕዝብ ስም ነው፣ ነቀምቴ የቦታ። ዛሬ ለከተማዋ በካርታና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ የቀረላት ሁለተኛው ብቻ ነው። የመንግሥቱን ገዥ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚሄድ ሰው የተረሳውን የፊተኛውን ስም አብሮ ይዞ ቢገባ የሚያየው ነገር ይበልጥ ይገባዋል። የመንግሥቱ አነሳስም፣ አካሄድም ከስሙ ጋር የተሳሰረ ነውና።

ሌቃ ከመጫ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ነው። ሽማግሌዎች የመጫን ታሪክ ሲያወሩ ከኦዳ ቢሲል ይጀምራሉ። መኮ ቢሊ ለመጫ ሕግ የደነገገው በዚያ ዋርካ ሥር ነው ይላሉ። ከዚያ ወደ ምዕራብ እየሰፋ የሄደው ሕዝብ በደረሰበት ሁሉ አገር ሲያቀና የአባቱን ስም ለመሬቱ ሰጠ። ለዚህም ነው የወለጋን ወረዳዎች ስም በተርታ የሚያነብ ሰው የትውልድ ሐረግ የሚያነብ የሚመስለው፤ ሲቡ ሲሬ፣ ጅማ አርጆ፣ ሌቃ ዱለቻ፣ ሊሙ። የሊሙ ስም ከነቀምቴ በስተ ሰሜንም አለ፣ ከጊቤ ማዶ በጅማ ዞንም አለ። ጅማ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ እያለ እስከ አባ ጅፋር አገር ይዘልቃል። ወንዝና ተራራ የለያያቸው ቦታዎች በአንድ ስም የሚጠሩት ስሙን ተሸክሞ የሄደው ሕዝብ አንድ ስለነበረ ነው።

ሕዝቡ ሲበዛና ሲበታተን ግን የጎሳው ስም ብቻውን አልበቃም። አንድ ሰው «የሌቃ ሰው ነኝ» ሲል «የየትኛው ሌቃ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። መልሱ በሁለተኛው ስም ይሰጣል። ወደ ሱዳን ጠረፍ ያለው፣ ጆቴ ቱሉ ጊዳሚ ላይ ሆኖ የገዛው አገር ሌቃ ቄለም ተባለ። በገበያው ስሙ የገነነው ሌቃ ቢሎ ተባለ። ከእነዚህ መካከል ጎልቶ መንግሥት የሆነው ደግሞ ሌቃ ነቀምቴ ነው። ሁለተኛው ስም ለመለያ የገባ ነበር፤ እያደር የሥልጣን ማዕከል ሆነ።

ይህ የሆነው በሌቃው የጦር መሪ በበከሬ ጎዳና ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ የጦር መሪው አባ ዱላም ዘመኑ ሲያበቃ ይወርዳል። በዚያ ዘመን ግን ንግድ በርትቶ ነበር። ከጎጃም ዓባይን የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ በጉዱሩው አሰንዳቦ አድርጎ፣ ቢሎ ገበያ ውሎ ወደ ጊቤ አገሮች ይወርዳል። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናው፣ ከዚያም አልፎ ለባርነት የሚሸጠው ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። መንገዱንና ገበያውን የያዘ የጦር አለቃ ተራው ደርሶ የሚወርድበት ምክንያት እየጠፋ መጣ። በከሬም አልወረደም፤ ሥልጣኑን ለልጁ አወረሰ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ወራ በከሬ የሚለው ስም፣ የበከሬ ቤት ማለት ነውና፣ ያንን ለውጥ ይመሰክራል። በጎሳ ስም ይጠራ የነበረው አገር የአንድ ቤት ርስት መሆን ጀመረ።

ልጁ ሞረዳ በከሬ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1889 ገዛ። በእሱ ዘመን የሸዋና የጎጃም ጦር ለምዕራቡ ሀብት ተፋጠጠ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው የራስ ጎበና ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ሲማርክ የአካባቢው ዕጣ ለየለት። ሞረዳ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን አቆየ። ልጁ ኩምሳም በምኒልክ የክርስትና አባትነት ተጠምቆ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችነትም ተሾመ። ሌቃ ነቀምቴ እንደ ጅማ አባ ጅፋርና እንደ ሌቃ ቄለም በዓመት ግብር እየከፈለ በውስጥ ጉዳዩ ራሱን ከሚያስተዳድሩት አገሮች አንዱ ሆነ። የግብሩ ትልቁ ክፍል ወርቅ ነበር።

በነቀምቴና በአዲስ አበባ መካከል የተመላለሱት የአማርኛ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ከወራ በከሬ ቤት መዛግብት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አሳትመዋቸዋል። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰውየው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ነው፤ በአገሩ ሰው አፍ ግን ኩምሳ ነበረ፣ ዛሬም ኩምሳ ነው። ቤተ መንግሥቱንም ሕዝቡ በኦሮምኛ መሰራ ኩምሳ ሞረዳ እያለ ይጠራዋል። በግቢው ውስጥ አሥር ያህል ቤቶች አሉ። ግንባታው በሞረዳ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ዋናው ቤት ሰፊ በረንዳ አለው። ቀረብ ብሎ የእንጨት ሥራውን ላየ ሰው የአገሩ ባለሙያ እጅ ከዓረብ አገር አሠራር ጋር የተገናኘበት መሆኑን ያስተውላል። ነጋዴ በሚያልፍበት አገር ቤትም እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤተሰቡ ደርግ አስሮ ግቢውን እስኪወርሰው ድረስ ኖሮበታል።

የኩምሳ ዘመን ለኦሮምኛ ጽሑፍም ባለውለታ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞበት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲደርስ የተቀበለው ኩምሳ ነው። አናሲሞስ በዚህችው ከተማ አስተምሮ፣ በ1923 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ አረፈ።

የከተማዋ ስም በአማርኛ ሲጻፍ አንድ መልክ ብቻ አልያዘም። በኦሮምኛ ነቀምተ ነው፤ በአማርኛ ነቀምት፣ ነቀምቴ፣ በቀድሞ ጽሑፎች ደግሞ ለቀምት ይባላል። በዓለም ገበያ ጸንቶ የቀረው ይህ የመጨረሻው ነው። በፍሬው ትልቅነት የታወቀው የወለጋ ቡና እስከ ዛሬ ለቀምት በሚል ስም ይሸጣል። ነቀምቴን በካርታ ላይ ማግኘት የማይችል የባሕር ማዶ ቡና ቆዪ ለቀምትን በጣዕሟ ያውቃታል።

ወለጋ የሚለው ሰፊ ስም ደግሞ የአስተዳደር መልኩን የያዘው በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ሲዋቀር ሌቃ ነቀምቴ፣ ሌቃ ቄለም፣ ሲቡውና ሆሮው በአንድ ስም ሥር ገቡ፤ ነቀምቴም ዋና ከተማው ሆነች። ዛሬ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለምና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ተብሎ ተከፍሏል። ሥራ ላይ ያሉትን ስሞች ልብ ብሎ ላየ፣ ቄለም የጆቴን አገር ስም፣ ሆሮና ጉዱሩም የጥንቶቹን ጎሳዎች ስም መልሰው አምጥተዋል። አዋጅ ወሰኑን ደጋግሞ ቀየረ፤ ስሙን ግን ከሕዝቡ ነው የተዋሰው።

ስሙ ቀርቶ ታሪኩ እየተረሳ ያለ ቦታም አለ፤ ቦነያ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን በሌሊት ያቃጠሉት፣ ጄኔራል ማሊዮኮና አብራሪው ሎካቴሊ የሞቱበት ሜዳ ቦነያ ነው። በነቀምቴው የወለጋ ሙዚየም የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ይታያል። ቦነያ ቦሼ የሚለውን የወረዳ ስም ሲሰማ ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ወጣት ግን ስንት ነው?

ስለዚህ የወራ በከሬን ቤተ መንግሥት ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ጉዞውን በግቢው አጥር እንዳይወስነው እመክራለሁ። በአርጆ፣ በሲሬ፣ ከነቀምቴ ወደ ሰሜን በኡኬ በኩል ወደ አንገር ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ የዚያው መንግሥት ታሪክ ክፍሎች ናቸው። እነዚህን ስሞች ከነሐረጋቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በየቀብሩም ብዙ ዕውቀት አብሮ ይሄዳል። በከተማዋ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም አሉ። ተማሪዎች የየወረዳቸውን ስም ከሽማግሌ አፍ ቀርጸው ቢያመጡ፣ በሙዚየሙም ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የመጣበት ቦታ ስም ከነትርጓሜው ቢጻፍ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ደግሞ ሙሉው ስም ይጻፍ፤ ሌቃ ነቀምቴ። ከተማዋን መናገሻ ያደረጋት ያ ሕዝብ ነውና ስሙ ከስሟ ጋር ሊነበብ ይገባል።