ታብሌትና የፊደል ጽሕፈት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

ታብሌት በጣት እየተነካ የሚሠራ፣ ከስልክ ሰፋ፣ ከላፕቶፕ ቀለል ያለ ኮምፒውተር ነው። ትምህርት ቤት የሚፈልገው በላዩ ለሚጫኑት መተግበሪያዎች ነው፤ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ የፊደል ጨዋታ፣ የሥዕል ሰሌዳ፣ ድምፅ መቅረጫ፣ መጻፊያ፣ ፈተና መውሰጃ። በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ልጆችን ለማስነበብ፣ ለመመዘንና ለመፈተን በተደጋጋሚ ታስቦበታል፣ ተሞክሯልም። ተማሪው በገዛ ቋንቋው የራሱን ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍበት የተደረገው ጥረት ግን በጣም ጥቂት ነው። የታብሌት ትልቁ ጥቅም ሊሆን የሚችለውም፣ እስካሁን የጎደለውም ይኸው ነው።

ከታብሌት በፊት

ንባብና ጽሕፈት በአገራችን የተለያዩት ዛሬ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በኖረው የቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይወጣል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። መጻፍ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ የመቃ ብርዕ ቀርጾ የሚቀመጠው ቁም ጸሐፊ ሙያውን ለብቻው ከመምህር ይማረዋል። ዳዊት የደገመ ሁሉ ጸሐፊ አልነበረም፤ እንዲሆንም አይጠበቅበትም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደብተርና እርሳስ ይዞ ቢመጣም ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ብዙ ተማሪዎች በታጨቁበት ክፍል መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የተሠሩ ናቸው፤ ተማሪው ከአራቱ ፊደላት አንዱን ያጠቁራል። አንድ ልጅ ሁለት አንቀጽ የራሱን ሐሳብ ሳይጽፍ እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የማይፈተን ነገር ደግሞ በክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም።

ንባቡም ቢሆን በጽኑ መሠረት ላይ አልቆመም። በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያ ውጤት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሚሰጠው የንባብና የጽሕፈት ትምህርት አዲስ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆነ። ታብሌትም ወደ ትምህርት ቤቶች በመዛኞች እጅ ገብቷል፤ ልጁ በወረቀት ያነባል፣ መዛኙ የሳታትን ቃል በታብሌቱ ይመዘግባል። ልጁ መሣሪያውን በእጁ አልነካውም።

የተሞከሩ መንገዶች

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይቀርብ፣ በራሱ ፍጥነት ይሮጥ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። የክፍሉ መምህር በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር፣ መካከሉን ቆሞ ያይ ነበር። «ፕላዝማ» የሚለው ቃል በዚያ ትውልድ ዘንድ እስካሁን የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ከዚያ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ የተሠሩት ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች መጡ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ 5,000 ያህሉ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ተከፋፈሉ። የኔዘርላንድ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ መለኪያ የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ መዝግቧል። በክፍል ውስጥ ግን ብዙ መምህራን መሣሪያውን እንደ መጫወቻ አዩት፤ ልጁ ሲከፍተው ትኩረቱ ይሰረቃል ብለው አስዘጉት። በመምህራኑ አልፈርድም። መሣሪያውን ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኝ ዝግጅት ያልተሰጠው መምህር ከዚያ የተለየ ምርጫ አልነበረውም።

ዓለም ያወራለት ሙከራ በ2004 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ የተደረገው ነው። ያው እንቅስቃሴ በእያንዳንዱ መንደር ለ20 ያህል ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠ። መመሪያ አልተሰጣቸውም፣ መምህርም አልነበረም። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላል፤ በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ መጥቶ ልጆቹ ያደረጉትን የመዘገበውን ሚሞሪ ካርድ ይቀይራል። የእንቅስቃሴው መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያዎችን ይከፍት ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ትንሽ ነገር የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ከልጆቹ አንዱ የእንስሳት ሥዕል ያለባቸውን የፊደል ጨዋታዎች ሲጫወት ቆይቶ፣ ማንም ሳያዘው የሥዕል መተግበሪያውን ከፈተና በእንግሊዝኛ «ላየን» ብሎ ጻፈ። ጨዋታዎቹ እንዲጽፍ አልጠየቁትም፤ መጻፊያ አጥቶ መሳያውን መጻፊያ አደረገው። የጻፈው ግን «አንበሳ»ን በአማርኛ ወይም «ሌንጫ»ን በኦሮምኛ አልነበረም፤ የተጫኑት መተግበሪያዎች የእንግሊዝኛ ነበሩና። ልጁ የመጻፍ ፍላጎቱን በራሱ አሳየ፣ የሚጽፍበትን ቋንቋ ግን ሌሎች መርጠውለት ነበር።

መንግሥትም ታብሌትን በፈተና በኩል ሞክሮታል። በኮቪድ ምክንያት የዘገየውን የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ለመስጠት ታቅዶ ነበር፤ መሣሪያዎቹ በወቅቱ ባለመድረሳቸው ፈተናው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒውተር፣ በኦንላይን ተፈተኑ። ጥያቄው ያው ምርጫ ነው። ማጥቆሩ በንክኪ ተተካ፣ ጽሕፈት ግን አልተጨመረም።

ፊደል በስክሪን ላይ

ፊደላችን በኮምፒውተር ዓለም አንድ ወጥ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ አብዛኛው ታብሌት አማርኛ ያሳያል። መጻፉ ላይ ግን ልጅን የሚያደናቅፍ ነገር ቀርቷል።

አዋቂው የለመደው ኪቦርድ በድምፅ የሚሠራው ነው፤ የላቲን ፊደላትን ይነካሉ፣ አማርኛው ይወጣል። «ቀ»ን ለመጻፍ በእንግሊዝኛ «ኪው» የሚባለውን ፊደል መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ትልቁን «ቲ» መጫን። የ1ኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ ቃል ለመጻፍ በማያውቀው ፊደል ማለፍ አለበት ማለት ነው። በፊደል የተሠሩት ኪቦርዶች ለዚህ ልጅ ይሻላሉ፤ «ለ»ን ሲነካ ቤተሰቡ ከ«ሉ» እስከ «ሎ» ተደርድሮ ይመጣለታል፣ የፈለገውን ይመርጣል። አሠራሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የፊደል ገበታ ጋር ይገጥማል። ልጁ በጻፈ ቁጥር ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ረድፉን ይከልሳል። ለአንደኛ ደረጃ ታብሌት የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስተካክለው ነገር ኪቦርዱ ቢሆን ብዙ ችግር ይቀንሳል።

በጣት ወይም በስክሪን እርሳስ መጻፍም አለ። የፊደላችን ልዩነት ብዙ ጊዜ በጥቂት ጭረት ላይ ነው፤ «በ» እና «ባ» የሚለያዩት በእግራቸው ርዝመት ነው፣ «ሉ» ቅጥያው ከወገቡ፣ «ሊ» ከእግሩ ሥር ይወጣል። ልጁ ነጥቦቹን ተከትሎ እንዲጽፍ የሚያደርግ መተግበሪያ ጭረቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እዚያው ሊያሳየው ይችላል። በብዙ ደብተር መካከል የሚሯሯጥ መምህር ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ ለማድረግ ጊዜ የለውም። ማሽን የአማርኛ ጽሑፍን ከምስል እንዲያነብ ለማድረግ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናቶችን አሳትመዋል፤ በጥንት የእጅ ጽሑፎች ላይም ሠርተዋል። የልጅን ጽሕፈት አይቶ የሚያርም መተግበሪያ ከፈለግን መነሻው እዚሁ አገር፣ እዚሁ ጣና ዳር አለ።

ለንባብ የሚሆነው የተሻለ ነው። ብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ያካተተው «ዓለም አቀፉ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት» በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ ነው። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ ሥራም የአማርኛ ተረቶችን በነፃ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው ራሱ ታሪክ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ መጽሐፍ የሚያዘጋጅበት መተግበሪያም አለው። ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ተቀብሎ ይጽፋል፤ ለትልልቆቹ ይጠቅማል፣ ፊደል ገና ለሚለምድ ልጅ ግን እጁን ሥራ ስለሚያስፈታው አልመክረውም።

ሰባታሚትና አካባቢዋ

መሣሪያው ገጠር ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ሰባታሚትን እንውሰድ፤ የባህር ዳርን ከተማ ተጠግታ ያለች የገበሬ ቀበሌ ናት። እንዲህ ባለው ሥፍራ የዲጂታል ትምህርት የሚደርሰው በዕቅድ ሳይሆን በቤተሰብ ስልክ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ በየቦታው ስላልደረሰ፣ ብዙ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን ያገኘው በቴሌግራም በተላከ ፒዲኤፍ ነው። አንዱ ከተማ ወርዶ ያወርደዋል፣ ሌላው ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ይቀበለዋል። ፒዲኤፍ ግን መጽሐፉ በስክሪን መታየቱ ብቻ ነው፤ ተማሪው ምንም አይጽፍበትም።

ኢንተርኔትም የማይታመን ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ለጣና ዳር ትምህርት ቤት የሚመረጥ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ከታብሌት ወደ ታብሌት የሚተላለፍ፣ በፀሐይ ኃይል ተሞልቶ ቀኑን የሚውል መሆን አለበት። ይህ የሚቻል ነው፤ በማላዊ «ዋንቢሊየን» በተባለው ድርጅት መተግበሪያ በፀሐይ ኃይል በሚሞሉ ታብሌቶች የሚሰጠው ትምህርት በመላ አገሪቱ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ ተወስኗል። ያው መተግበሪያ በታንዛኒያ መንደሮች ተፈትኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ ሽልማትን ከሌላ አንድ ቡድን ጋር ተካፍሏል።

በክፍል ውስጥ

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ታብሌት ማዳረስ ለአብዛኛው ትምህርት ቤት አይታሰብም። መምህራኑ ግን የሚያውቁት አደረጃጀት አለ፤ ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የሚያቀናጀው «አንድ ለአምስት»። ለአንድ ቡድን አንድ ታብሌት ቢደርስ ለጽሕፈት ትምህርት በቂ ነው፣ እንዲያውም ከግል ታብሌት ሳይሻል አይቀርም፤ ልጆቹ የጓደኛቸውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው እያነበቡ ይከራከሩበታልና።

ለ4ኛ ወይም ለ5ኛ ክፍል የሚሆን አንድ አካሄድ እነሆ። አንደኛው ልጅ የሚያውቀውን ነገር ይናገራል፤ አባቱ ሽንኩርት በመስኖ እንዴት እንደሚያጠጣ፣ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ፣ እምቦጭ አረም ጣናን እንዴት እንደያዘው። ታብሌቱ ድምፁን ይቀርጻል። ቡድኑ ቀረጻውን እያስቆመ ያዳምጣል፣ አንዱ በደብተር ይጽፈዋል፣ ሁለተኛው ወደ ታብሌቱ ያስገባዋል፣ ሌሎቹ ፊደሉንና አራት ነጥቡን ያርማሉ። በንግግሩ «ከዛ ደሞ» ያለው በጽሑፉ ምን ይሁን ብለው ይወያያሉ። በማግስቱ መምህሩ ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ «የቱ ዐረፍተ ነገር ይቅደም?» ይላቸዋል፤ ይቀያይሩታል። ደብተር ላይ እንደገና መጻፍ የሰለቸው ልጅ በስክሪን ላይ ዐረፍተ ነገር ማንሳትና ማስቀመጥ አይሰለቸውም። ጽሑፍን ደጋግሞ ማሻሻልን ለማስተማር ታብሌት ከደብተር በግልጽ የሚበልጠው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ፎቶ ይጨመርበትና የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናል፤ ታናናሾቻቸው ያነቡታል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በመምህሩ ነው፤ መምህሩን የሚያሠለጥነው ተቋም ደግሞ ቅርብ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክና በ1965 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው፣ «ፔዳ» በሚል ስም የሚታወቀው የመምህራን ተቋም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። መተግበሪያ ሠሪውና መምህር አሠልጣኙ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ይገኛሉ፤ ዕድሉን በሰባታሚትና በመሰሎቿ ቀበሌዎች መሞከር ይገባል።

ለትምህርት ቤት ታብሌት የምትገዙ፣ የምትለግሱ፣ የምትጭኑ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ለአንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ስጡትና ስለ ቤቱ ሦስት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እንዲጽፍበት ጠይቁት። ካልቻለ መጀመሪያ መተግበሪያውን አስተካክሉ፤ ግዢው ከዚያ በኋላ ይድረስ።