ለቡኒው ውሻ ዘብ የቆመ ሠፈር

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1907 አንድ ሺህ ያህል ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሐኪም ለመሆን የሚማሩ፣ የውሻ ምስል በእንጨት ሰክተው እየፎከሩ በለንደን ጎዳናዎች ወጡ። ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ከፖሊስ ጋር ተደባደቡ። ጥቂቶቹ የቴምዝን ወንዝ ተሻግረው ባተርሲ ወደሚባለው የሠራተኞች ሠፈር ዘለቁ፤ እዚያ የቆመውን የአንድ ውሻ ሐውልት ሊያፈርሱ ነበር። የሠፈሩ ሰው ግን ወጥቶ አባረራቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ሊዚ ሊንድ አፍ ሃገቢና ሌይሳ ሻርታው የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን በ1902 ለንደን በሚገኘው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ተመዘገቡ፤ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የሚደረገውን ሙከራ በዓይናቸው አይተው ሊመሰክሩ። በፌብሩዋሪ 1903 መምህሩ ዊልያም ቤይሊስ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ ቡኒ ውሻ ጠረጴዛ ላይ አስሮ ሲያስተምር እነርሱም ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ውሻው ሆዱ ላይ ቀደም ሲል የተቀደደበት ቁስል ነበረው። ሴቶቹ ሳይደነዝዝ ሲታገል አየነው አሉ፤ ቤይሊስ በበኩሉ ማደንዘዣ በሚገባ ተሰጥቶታል አለ።

ማስታወሻቸው «የሳይንስ ቄራ» በሚል ርዕስ ታተመ። ስቲቨን ኮልሪጅ የተባለ የሕግ ሰው ታሪኩን በአደባባይ ሲናገር ቤይሊስ በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ በኖቬምበር 1903ም ረታ። ካሣውና ወጪው ተደምሮ 5,000 ፓውንድ ሆነ። «ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ አንባቢዎቹን መዋጮ ጠይቆ ገንዘቡን አሟላ። እኔ ከፍርዱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ መዋጮ ነው። ፍርድ ቤት የፈረደውን ነገር ያን ሁሉ ሰው በኪሱ ተቃወመው።

የውሻው መታሰቢያ ሐውልት በሴፕቴምበር 15 ቀን 1906 ላችሜር በተባለው የባተርሲ መናፈሻ ተመረቀ። ከላይ ውሻው፣ ከሥሩ ለሰውም ለእንስሳም የሚሆን ውኃ መጠጫ ነበረው።

ለምን ባተርሲ? የአካባቢው ምክር ቤት ለሠራተኞች ቤት በራሱ ሠራተኞች የሚያሠራ ነበር። ሠፈሩ ውስጥ በእንስሳ ላይ የሚሞክር ሐኪም የማይቀጥር ሆስፒታልም ነበረ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የድሃው ትዝታ አለ። በ1832 የወጣው ሕግ ወገን ያልወሰደውን የድሃ አስከሬን ለሐኪም ተማሪዎች መለማመጃ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር። ድሃ በምጽዋት ሲታከምም ተማሪዎች ይከቡታል፤ ሕመሙ ትምህርት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በጠረጴዛ ላይ የታሰረ ውሻ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። የባተርሲ ሠራተኞች ለሐውልቱ የተደባደቡት ከውሻ ፍቅር ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ በውሻው የራሳቸውን ዕጣ ያዩ ይመስለኛል። ተማሪዎቹም ቁጣቸው በውሻው አላቆመም፤ የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ስብሰባዎችን እየገቡ በተኑ። ለውሻው የቆመውና ለሴቶች የቆመው ወገን አንድ ጠላት ተገኘለት።

ሐውልቱን ለመጠበቅ የሚወጣው የፖሊስ ወጪ በዓመት 700 ፓውንድ ደረሰ። በ1909 ምርጫ ምክር ቤቱ ወደ ወግ አጥባቂዎች እጅ ሲገባ ይነሣ ተባለ። እንዳይነሣ የሚጠይቅ 20,000 ፊርማ ተሰበሰበ። ምክር ቤቱ አልሰማም፤ በማርች 10 ቀን 1910፣ ገና ሳይነጋ፣ 120 ፖሊሶች ዙሪያውን ቆመው አራት ሠራተኞች ሐውልቱን ነቀሉት። በጠራራ ፀሐይ ያልተደፈረው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ከቀናት በኋላ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ትራፋልጋር አደባባይ ወጥቶ ይመለስልን አለ። አልተመለሰም፤ ሐውልቱም ጠፋ።

ሌላ የቡኒ ውሻ ሐውልት በባተርሲ ፓርክ የቆመው በ1985 ነው። በዚያ የቤይሊስ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ የነበረው፣ በእንስሳ ላይ የሚደረገውን ሙከራ የሚገዛው የ1876 ሕግ በአዲስ የተተካው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1986።