ዓርማ
ዓርማ ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን የባንክ ወይም የእግር ኳስ ክለብ ምልክት ነው። ቃሉ ግን ለአንድ ሰውም ይሆናል፤ አዳማ ላይ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ወይም ግራፊክ ዲዛይነር ዓርማ ማለት፣ ስሙ ሳይነበብ ሥራው የማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ምልክት ነው። በከተማዋ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል ይጻፋል። በአንድ ፊደል ብቻ የቆመ ዓርማ አንዱን አንባቢ ያጣል፤ ስለዚህ ቅርጽ ይሻላል እላለሁ። አዳማ የሚለው ስም ራሱ ከቁልቋል ጋር ይያያዛል ይባላል፤ ለሠዓሊ እንዴት ያለ ሀብት ነው! ዓርማው በማኅተም ላይ ሲያንስም መለየት አለበት። ለሥራ የሚውል ዓርማ ባለቤትነቱ በሕግ የሚጸናው ግን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲመዘገብ ነው፤ ምዝገባው 7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም።