ከኺላ ፍሬ እስከ አስም መከላከያ፦ አንድ ዕፅ ለአለርጂ ሕክምና ያበረከተው ምንድን ነው?



ዛሬ የማወሳው የአንድ ዕፅ ታሪክ ነው። መነሻዬም አንድ ጥያቄ ነው፦ የባህል መድኃኒት ዘመናዊ መድኃኒትን አስገኘ ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?

ዕፁ ግብፃውያን ኺላ የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አሚ ቪስናጋ የተባለው፣ ከእንስላልና ከድንብላል ወገን የሆነ ተክል ነው። የግብፅ ሕዝብ የደረቀውን የአበባ ዘንግ ለጥርስ መጎርጎሪያ፣ ፍሬውን ደግሞ እያፈላ ለኩላሊት ጠጠር ሕመም ሲገለገልበት ኖሯል። በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ኺሊን የተባለ ንጥረ ነገር የሽንት ቧንቧን ጡንቻ ስለሚያላላ ሕመሙን ያስታግሣል። በ1940ዎቹ ግሌብ ፎን አንረፕና ባልደረቦቹ በካይሮ ኺሊንን ለልብ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተሙ። የአየር ቧንቧንም ስለሚያላላ ለአስም ታሰበ፤ ነገር ግን የሚያስከትለው ማቅለሽለሽ ጥቅሙን ገደበው።

በእንግሊዝ አገር የቤንገር ላቦራቶሪ ኬሚስቶች የኺሊንን አወቃቀር እየለዋወጡ አዳዲስ ውህዶችን ማዘጋጀት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሮጀር አልቱንያን የተባለ ሐኪም ተቀላቀላቸው። አልቱንያን ራሱ የአስም ሕመምተኛ ነበር። በእንስሳት ላይ የሚደረገው ሙከራ የሰውን አስም አይወክልም ብሎ ስላመነ፣ አለርጂ የሚቀሰቅስበትን የጊኒ ፒግ ፎረፎር በጥባጩን ወደ ሳንባው እየሳበ፣ አስቀድሞ የወሰደው ውህድ ምን ያህል እንደተከላከለለት ይለካ ነበር። ከዓመታት ድካም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ሶዲየም ክሮሞግላይኬት ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አዲሱ መድኃኒት እንደ ኺሊን የአየር ቧንቧን አያላላም። ይልቁንም ማስት ሴል የተባሉት ሕዋሳት ሂስታሚንን እንዳይለቁ ያግዳል፤ ስለዚህ የሚወሰደው ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ነው። ዕፁን ያፈሉ የነበሩት ሰዎች ይህን ጠባይ አላወቁም፤ ሊያውቁም አይችሉም ነበር፤ በዕፁ ውስጥ አልነበረምና። እነርሱ የሰጡት ፍለጋው የሚጀመርበትን ቦታ ነው። ይህም ትንሽ ስጦታ አይደለም፤ ሆኖም በመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ ስማቸው አይጠራም።

ስለዚህ ሁለት ችኩል ፍርዶችን እንድንጠነቀቅ እለምናለሁ። አንደኛው «አባቶቻችን ቀድመው ደርሰውበት ነበር» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «የባህል መድኃኒት ከንቱ ልማድ ነው» የሚለው። የኺላ ታሪክ ለሁለቱም አይመችም። ከእናንተ መካከል የዳማከሴን ወይም የጤና አዳምን ጭማቂ በአይጥ ላይ ፈትኖ፣ «ይህ ዕፅ አለርጂን ይፈውሳል» ብሎ ለመጻፍ የተዘጋጀ ቢኖር፣ ከዚያ ውጤት እስከ ታማሚው ሳንባ ያለውን ርቀት ያስብ። አልቱንያን ያን ርቀት በገዛ አካሉ አቋረጠው። የእርሱን ድፍረት እንድትደግሙት አልመክርም፤ ዛሬ ለዚህ የሥነ ምግባር ደንብና የክሊኒክ ሙከራ ሥርዓት አለን። ማስረጃው ግን ዛሬም መገኘት ያለበት ከሰው ነው።