ከወንበሩ በታች

አሮጌ መኪና የሚያሳድስ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነው፤ ብልህ ባትላሜራ ግን ከወንበሩ ይጀምራል። በ1960ዎቹ የተሠራች የአንድ ወዳጄ ቮልስዋገን፣ ሁላችንም «ቮልስ» የምንላት፣ ወለሏ ሲታደስ ካየሁ ወዲህ ይህ አሠራር ለታሪክም የሚበጅ መስሎ ታይቶኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው እንዲህ ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላው ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሚገኝ መቀመጫው ብድግ ተደርጎ ይነሣና የባትሪው ገመድ ይፈታል። የፊት ወንበሮች ደግሞ ማቆሚያቸው ተለቅቆ በሐዲዳቸው ላይ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ። ምንጣፉ ሲገለጥ ዝገቱ ይታያል። ብዙ ጊዜ የከፋው ባትሪው የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ላሜራውን ሲበላ ኖሯልና። ወለሉ ግራና ቀኝ ሁለት ላሜራ ሆኖ መሐል ለመሐል ከሚያልፍ አከርካሪ ጋር የተበየደ ነው። በአከርካሪው ውስጥ የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑና የእጅ ፍሬኑ ካቦዎች፣ የነዳጁም መስመር ያልፋሉ፤ ስለዚህ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የነዳጁ ነገር መላ ሊበጅለት ግድ ነው። ሁለቱ ወገኖችም በአንድ ጊዜ አይቆረጡም፤ አለዚያ አካሉ ተጣሞ በሮቹ አልገጥም ይላሉ።

ወዳጄ ወጪ ለመቀነስ ሲል አዲስ ላሜራ በዝገቱ ላይ እንዲደረብ ፈልጎ ነበር። ባትላሜራው ግን ዝገት ተሸፍኖ አይሞትም ብሎ እምቢ አለ። ከዚያም ከኋላው ወንበር ሥር፣ በአከርካሪው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ወልውሎ አሳየን። ወለሉ በሙሉ ቢለወጥ መኪናዋ ያችው ናት፤ ያ ቁጥር ከጠፋ ግን ማንነቷን የሚመሰክርላት አይኖርም። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ከቁጥር ጀርባ ምንጊዜም ባለ ሒሳብ እንዳለ አውቃለሁ።

የቮልስም ታሪክ ከቁጠባ ደብተር ጋር የተያያዘ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ ንድፏን ያወጣላትን ይህችን መኪና የሚያመርተውን ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ሂትለር ያኖረው ሜይ 26 ቀን 1938 ነበር። ዋጋዋ 990 ማርክ ተብሎ፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ቢያንስ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ በደብተሩ ላይ እንዲለጥፍ ተደረገ። 336 ሺህ ያህል ሰዎች ቆጠቡ። ከእነርሱ አንድ ስንኳ በዚያ ደብተር መኪና አልተረከበም፤ ጦርነቱ ፈነዳና ፋብሪካው ለሠራዊቱ ማምረት ያዘ። በዚያ ዘመን የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጭምር 20 ሺህ ያህል ሰዎች በግዳጅ ሠርተውበታል።

ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን የተረከበው የእንግሊዝ ጦር ነው። በሜጀር አይቫን ሂርስት አመራር ዲሴምበር 1945 የመኪናዋ ምርት ተጀመረ። በጁላይ 2003 የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተመርተዋል። ዓለም የሚያወራው፣ እኛም የምንወደው ይህንን ምዕራፍ ነው፤ ምቹ ወንበር ነውና።

ቆጣቢዎቹ ግን ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው በ1961 ያገኙት፣ አዲስ ቮልስዋገን ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ለማይገዛ እስከ 100 ማርክ ጥሬ ገንዘብ ነበር። ለግዳጅ ሠራተኞቹ በፋብሪካው ቅጥር ውስጥ ቋሚ የመታሰቢያ ሥፍራ የተከፈተው ደግሞ በ1999 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ 54 ዓመት ካለፈ በኋላ!

የወዳጄ መኪና በእነዚያ ምስኪኖች እጅ አልተሠራችም። የተሠራችበት ቤት ግን የእነርሱን ላብ ጠጥቷል። ይህን ማወቃችን ፍቅራችንን የሚቀንሰው አይመስለኝም፤ ዝገቷን አይቶ ያሳደሳት ሰው ከማንም በላይ ይወዳታልና። ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኛም የገዛ ታሪካችንን ስናድስ ብዙ ጊዜ የምንጣደፈው ወደ ቀለሙ ነው። አስቀድመን ወንበሩን እናንሣ፤ የበሰበሰውን ቆርጠን ስንጥልም ቁጥሩን አንፋቅ።